የእርጥበት መለኪያ ቁጥር ከየት ይመጣል?

በቆቦና በራያ ቆላ በጉድጓድ ውሃ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ውሃውን የሚያወጣው በወጪ ነው። ስለሆነም የአፈር እርጥበት መለኪያን ከማመናችን በፊት ቁጥሩ እንዴት እንደሚገኝ ማወቅ ይኖርብናል።

በአፈር ውስጥ የተተከለው መለኪያ የሚልከው ቁጥር ሳይሆን ቮልቴጅ ነው። ይህን ወደ ቁጥር የሚለውጠው በማይክሮኮንትሮለሩ ውስጥ ያለው አናሎግ-ዲጂታል መለወጫ ነው። አሠራሩ የእህል ሚዛንን ይመስላል። የመጣውን ቮልቴጅ ለአፍታ ይዞ፣ በመጀመሪያ የመመዘኛውን ቮልቴጅ ግማሽ፣ ቀጥሎ ሩቡን፣ ከዚያም የሩቡን ግማሽ እያለ እንደ ሚዛን ድንጋይ ይጨምራል፤ ከበለጠ ያነሣዋል፣ ካልበለጠ ይተወዋል። ባለ 10 ቢት መለወጫ ይህን 10 ጊዜ ፈጽሞ ከ0 እስከ 1023 ያለ ቁጥር ይሰጣል። መመዘኛው 5 ቮልት ከሆነ አንዱ ደረጃ ወደ 5 ሚሊቮልት ይጠጋል።

ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ፦

1. መመዘኛው ቮልቴጅ ከባትሪው ጋር የሚወርድ ከሆነ ድንጋዩ ቀለለ ማለት ነው። የመለኪያው ቮልቴጅ ሳይለወጥ ቁጥሩ ከፍ ይላል። አፈር ሲደርቅ ቁጥሩ በሚጨምር መለኪያ ገበሬው በከንቱ ያጠጣል። ስለዚህ ባትሪው አስቀድሞ ይታይ።

2. ጥቁር መረሬ አፈር ሲሰነጠቅ መለኪያው አየር ይለካል። ስንጥቅ በሌለበት ይተከል።

3. ከዚያው ማሳ ደረቅና ውሃ የጠገበ አፈር ለክታችሁ ሁለቱን ቁጥሮች መዝግቡ፤ የማጠጫውን ጊዜ በእነርሱ መካከል ወስኑ።

ጥርጣሬ ሲኖር አፈሩን ቆፍሮ በእጅ መጨበጥ አይቅር።