ከአንድ እግር ብዙ እግር

አባቶችና እናቶች፣ በጓሯችሁ ምን አለ? ጤና አዳም አለ። ጠጅ ሣር አለ። ከደጃፍ ደግሞ ጽጌረዳ አለ። እነዚህ አንዴ ከተተከሉ ብዙ ዓመት ይቆያሉ። ታዲያ ብዙ ሰው አንድ እግር ብቻ ይዞ ይቀመጣል። በጋው ሲከፋ ያቺው አንዷ ትደርቃለች። ከዚያ ለቡናው ጤና አዳም ከገበያ መግዛት ይመጣል። ስለዚህ ከአንዱ ብዙ እናድርግ። መንገዱ ሦስት ነው።

1. በዘር

የጤና አዳም ፍሬ ሲደርቅ ዘሩን አራግፋችሁ ሰብስቡ። መደቡን አለስልሱ፤ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሉበት። ዘሩ ደቃቅ ነው፤ በጥልቅ ከተቀበረ አይወጣም። ስስ አፈር ብቻ በትኑበት። ገለባ አልብሱት፤ ውሃም በቀስታ አርከፍክፉ። ሲበቅል ገለባውን አንሡ።

2. በቁራጭ

ጽጌረዳ በዘር ከበቀለ ልጅ እናቷን ላትመስል ትችላለች። ቁራጭ ግን ያው የእናቲቱ አካል ነው፤ አበባውም አይለወጥም። በክረምት መግቢያ እንደ እርሳስ የወፈረ ጤነኛ ቅርንጫፍ ምረጡ። በስንዝር ልክ፣ ከጉጡ ሥር በስለታም ቢላዋ ቁረጡ። ከላይ ሁለት ቅጠል ተዉ፤ የቀረውን አንሡ። ለምን ብትሉ፣ ቅጠል ውሃ ያተንናል። ቁራጩ ገና ሥር የለውም፤ ከየት ይጠጣል? ላይና ታቹን ሳታምታቱ ግማሹን ጥላ ባለበት ቅበሩ። አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አይቁምበት፤ ይበሰብሳል። በቅሎ እንደሆነ ለማየት ቶሎ ቶሎ አትንቀሉት። ከአንድ ወር በኋላ ቀስ ብላችሁ ስትስቡት እንቢ ካለ ሥር ይዟል።

ጤና አዳምም በቁራጭ ይበቅላል። ግን ተጠንቀቁ፤ ፈሳሹ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲመታው ይቆስላል። እጃችሁን ታጠቡ።

3. በመክፈል

ጠጅ ሣር ብዙውን ጊዜ ዘር አይሰጥም። ዝናብ ሲጀምር ከነሥሩ አውጥታችሁ ለያዩት። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ሥር ይኑረው። ቅጠሉን በስንዝር ቁመት ቆርጣችሁ፣ በክንድ ርቀት ትከሉ። በእርከን ጠርዝ ላይ በመስመር ከተተከለ ጎርፍ አፈሩን እንዳይወስድ ያግዛል።

ከበቀለው ለጎረቤት ስጡ። ይህ ደግነት ብቻ አይደለም። የእናንተ ቢደርቅ ከጎረቤት ጓሮ ቁራጭ ይመለሳል እኮ!

አንብባችሁ በደብተራችሁ መልሱ

ሀ. ከቁራጩ ላይ ብዙው ቅጠል የሚነሣው ለምንድን ነው?
ለ. በመክፈል የሚራባው የትኛው ነው?
ሐ. በጓሯችሁ አንድ እግር ብቻ የቀረው ተክል የትኛው ነው? ስሙን ጻፉ። ዘንድሮ ሁለት አድርጉት።