«ይቅር» የሚለው ማን ነው?

ተማሪ፦ የኔታ፣ «ይቅርታ» ከግእዝ የመጣ ቃል ነው?

የኔታ፦ አይደለም ልጄ፣ አማርኛ ነው። «ደስ አለ» ካልነው «ደስታ»፣ «እሺ አለ» ካልነው «እሺታ» እንደወጣ ሁሉ «ይቅር አለ» ካልነው «ይቅርታ» ወጣ። ሥሩ «ቀረ» ነው።

ተማሪ፦ የሚቀረው ታዲያ ምኑ ነው? በደሉ እንደሆነ አንዴ ተፈጽሟል።

የኔታ፦ ደግ ጠየቅህ! የሚቀረው በቀሉ ነው፣ ቂሙ ነው። ግእዙም እንዲሁ ያስባል፤ በአቡነ ዘበሰማያት የምንለምንበት ግስ «ኀደገ» ነው፣ ተወ ማለት። የሚተወው ደግሞ የተበደለው ነው። ስለዚህ «ይቅር» የተበዳይ ቃል ነው፤ በዳይ ይለምናታል እንጂ ራሱ አይላትም። ሽማግሌዎች ከጠዋት እስከ ማታ ዛፍ ሥር የሚቀመጡት ከተበዳዩ አፍ «ይቅር ለእግዚአብሔር» የምትለውን ለመስማት ነው።

ተማሪ፦ ዛሬ ታክሲ ውስጥ አንዱ እግሬን ረግጦኝ «ይቅርታ» ብሎኝ ወረደ። መልሴን እንኳ አልጠበቀም።

የኔታ፦ ለእግር መረገጥ ይበቃል። ለከባድ በደል ግን አይበቃም፤ የጥንቱ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳዩ እግር ሥር ይወድቅ ነበር። በ1870 ዓ.ም. በልቼው ስምምነት ጊዜ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከዐፄ ዮሐንስ ፊት የቀረቡት ድንጋይ ተሸክመው ነው። ዐፄ ዮሐንስም ምሕረት አድርገው የሸዋን ንጉሥነት አጸኑላቸው። ንጉሥም ቢሆን ከዚህ ሥርዓት አያመልጥም ነበር።

ተማሪ፦ ወሎ ያለችው አክስቴ ደግሞ «አፉ በለኝ» ትላለች።

የኔታ፦ እሱ ከዐረብኛው «ዐፍው» የመጣ ነው፣ ምሕረት ማለት ነው። እሷም ብትሆን «በለኝ» አለች እንጂ ለራሷ «አፉ» አላለችም።

ተማሪ፦ ጸጸትስ?

የኔታ፦ ጸጸት የበዳይ ነው፤ ለብቻው ያቃጥለዋል። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲጸጸት ኖሮ የበደለውን ደጅ ሳይረግጥ ሊሞት ይችላል። ለዚህ ነው ንስሐ የገባ ሰው ከጾሙና ከስግደቱ በተጨማሪ የበደለውን እንዲታረቅ፣ የወሰደውን እንዲመልስ የሚታዘዘው።

ተማሪ፦ ተበዳዩ «ይቅር» አልልም ቢልስ?

የኔታ፦ ሽማግሌ ተነሥቶ ሌላ ቀን ይመለሳል። ድንበር የገፋ ሰው መሬቱን ሳይመልስ አማላጅ ልኮ እንደሆነ ግን፣ እምቢ ያለው እውነት አለው።