በክረምት እንጦጦን ለመውጣት

እንጦጦ ከስድስት ኪሎ ሲያዩት የቅርብ ጎረቤት ስለሚመስል ብዙዎቻችን ሳንሰናዳ እንነሣለን። ነገር ግን አናቱ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ነው። 1,000 ሜትር ሲወጡ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፥ ላዩ ከከተማው ይልቅ ይበርዳል።

የክረምት ጉዞ መታቀድ ያለበት ከመመለሻው ሰዓት ተነሥቶ ነው። በክረምት ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ይበረታል፤ ጧት ድንጋይ ረግጠው የተሻገሩት ጅረት ከሰዓት በኋላ ደራሽ ሊሆን ይችላል። እንግዲያውስ ከጧቱ በ1 ሰዓት መነሣት፥ በ5 ሰዓት ግን የትም ቢደረስ ፊትን ወደ ከተማ መመለስ ነው።

አምና ከጓደኞቼ ጋር ስወጣ ይህን ደንብ አፈረስን። «ማርያም ልንደርስ ነው» እያልን ገፋን። ስንመለስ ጉም ጣለብን፤ መንገዱ ጠፋን፤ ጋቢ ያልያዘው ጓደኛችን ተንቀጥቅጦ ተንቀጥቅጦ መናገር አቃተው። መንገዱን ያሳዩን እንጨት ተሸክመው ይወርዱ የነበሩ እናቶች ናቸው።

ስለዚህ ደረቅ ሹራብ በላስቲክ ጠቅልሎ መያዝ፥ ጉዞውን በደካማው ጓደኛ እርምጃ መለካት፥ መብረቅ ሲጀምር ከረጅም ባሕር ዛፍ ሥር አለመጠለል ይገባል። «ደርሶ መልስ» የሚባለውም መመለሱ የጉዞው እኩሌታ ስለ ሆነ ነው።