ትምህርት 14፦ የአሠራር ቅደም ተከተልን የሚገልጽ ድርሰት

ሀ. መግቢያ

አንድ ሥራ እንዴት እንደሚከናወን የሚያስረዳ ድርሰት ከገላጭ ድርሰት ዓይነቶች አንዱ ነው። የዚህ ዓይነቱ ድርሰት ዋጋ የሚለካው በቃላቱ ውበት ሳይሆን፣ አንባቢው በጽሑፉ እየተመራ ሥራውን ለመፈጸም በመቻሉ ነው። ጸሐፊው አንዲት ደረጃ ቢዘል ወይም ቢያዛባ ጉልበቱና ገንዘቡ የሚባክንበት አንባቢው ነው። ቀጥሎ የቀረበውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ ስታነቡም እያንዳንዱ ተግባር ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ አስተውሉ።

ለ. ምንባብ

በአትክልት ቦታ ትንሽ ጅረት ማበጀት

ውሃ የሚፈሰው መሬቱ ተዳፋት ሲሆን ነው። ስለዚህ ቦይ ከመቆፈሩ በፊት የቦታው ከፍታና ዝቅታ ይለካል። በጅረቱ መነሻና መድረሻ ላይ ችካል ተተክሎ ሲባጎ ይወጠራል፤ ሲባጎውም በውሃ ልክ ታይቶ ይስተካከላል። ከሲባጎው እስከ መሬት ያለው ርቀት በሁለቱም ጫፍ ሲለካ የሚገኘው ልዩነት የመሬቱን ተዳፋትነት ያሳያል። በአንድ ሜትር ርዝመት 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅታ ለዝግተኛ ፍሰት ይበቃል፤ ይኸውም 10 ሜትር ርዝመት ላለው ጅረት 20 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ልዩነቱ ከዚህ ካነሰ መነሻው በአፈር ከፍ ይደረጋል።

ከዚህ በኋላ ወርዱ 40፣ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቦይ ይቆፈራል። በመድረሻው ደግሞ ከቦዩ የሚወርደውን ውሃ ሁሉ ለመያዝ የሚችል ጉድጓድ ይዘጋጃል። ሥርና ስለታም ጠጠር ተለቅሞ ከወጣ በኋላ በወለሉ ላይ ደቃቅ አሸዋ ይነሰነሳል፤ በአሸዋውም ላይ ወፍራም ላስቲክ ይነጠፋል። የላስቲኩ ወርድ የቦዩን ወለል፣ ሁለቱን ግድግዳዎችና በየዳሩ የሚተርፈውን 30 ሳንቲ ሜትር መሸፈን አለበት። ድምሩም 40 + 20 + 20 + 30 + 30 = 140 ሳንቲ ሜትር ነው። ጉድጓዱም እንደዚሁ በላስቲክ ይሸፈናል።

ድንጋይ ከመደርደሩ በፊት ውሃ ተለቅቆ ፍሰቱ ይፈተሻል። ውሃው በአንዱ ዳር ከፈሰሰ ያ ዳር በአፈር ከፍ ይደረጋል። ፍሰቱ ከተስተካከለ በኋላ ዳርና ዳሩ በድንጋይ፣ ወለሉ በድቡልቡል ጠጠር ይሸፈናል። በመጨረሻም በጉድጓዱ ውስጥ የተቀመጠ አነስተኛ ፓምፕ ውሃውን በቱቦ ወደ መነሻው ይመልሰዋል። ያው ውሃ ስለሚመላለስ ብክነት ይቀንሳል። ሕፃናት እንዳይወድቁበት ጉድጓዱ በብረት ፍርግርግ ይከደናል። ለብዙ ቀናት የቆመ ውሃ ትንኝ ስለሚራባበት ፓምፑ የማይሠራ ከሆነ ውሃው ተቀድቶ ለአትክልት ማጠጫ ይውላል።

ሐ. ማብራሪያ

1. በምንባቡ ውስጥ «ከመቆፈሩ በፊት»፣ «ከዚህ በኋላ»፣ «በመጨረሻም» የሚሉት አነጋገሮች የተግባራቱን ተራ ያመለክታሉ።

2. «ይቆፈራል»፣ «ይነጠፋል» የሚሉት ግሦች በተደራጊ የቀረቡት ትኩረቱ በሠሪው ላይ ሳይሆን በሥራው ላይ ስለሆነ ነው።

3. የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

ሀ) ላስቲኩን አንጥፈን ድንጋዩን እንደረድራለን።
ለ) ድንጋዩን ደርድረን ላስቲኩን እናነጥፋለን።

በሁለቱም ውስጥ ቦዝ አንቀጹ ቀድሞ የሚፈጸመውን፣ ማሰሪያ አንቀጹ ተከትሎ የሚመጣውን ተግባር ይናገራል። በሰዋስው ረገድ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ነገር ግን በ(ለ) መሠረት የሠራ ሰው ላስቲኩ በድንጋዩ ይቀደድበታል፤ ውሃውም ወደ መሬት ይሰርግበታል። ከዚህ እንደምንረዳው የሰዋስው ትክክለኛነት ብቻውን አይበቃም፤ የዓረፍተ ነገሩ ተራ ከሥራው ተራ ጋር መስማማት አለበት።

መ. መልመጃ

1. የሚከተሉትን ጥንድ ዓረፍተ ነገሮች ወደ ትክክለኛ ቅደም ተከተላቸው መልሳችሁ በቦዝ አንቀጽ አጣምሩ።
ሀ) አሸዋውን ነሰነሱ። ሥሩን ለቀሙ።
ለ) ቦዩን ቆፈረች። ተዳፋቱን ለካች።

2. ድንጋይ ከመደርደሩ በፊት ውሃ የሚለቀቀው ለምንድን ነው? በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱ።

3. ችግኝ ስለመትከል ወይም ቡና ስለማፍላት ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለጓደኛችሁ አንብቡለት፤ እርሱም የሰማውን ብቻ እየተከተለ ደረጃዎቹን በቃል ይድገም። ግራ ተጋብቶ በሚጠይቅበት ቦታ የዘለላችሁት ደረጃ መኖሩን ተገንዝባችሁ ድርሰቱን አርሙ።