የሙቀት ፓምፕና መጠባበቂያው

የፍሪጅን ጀርባ በእጁ ዳስሶ ሙቀት የተሰማው ሰው የሙቀት ፓምፕን ግማሽ አውቆታል። ፍሪጅ ከውስጡ ሙቀት እየቀዳ ወደ ክፍሉ ያፈሳል። የሙቀት ፓምፕ ደግሞ በዚያው ስልት ከውጭው ቀዝቃዛ አየር ሙቀት ቀድቶ ወደ ቤት ያስገባል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1852 ያቀረበው ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊልያም ቶምሰን ነበር። ዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 273 ኬልቪን ገደማ ስለሆነ፣ ውሃ በሚያረጋ አየር ውስጥም የሚቀዳ ሙቀት አለ። ነገር ግን ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር መቅዳቱ ይከብዳል።

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ሚኒሶታ፣ በብርድ ወራት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ ፓምፕ ያለው ቤት መጠባበቂያ ያስፈልገዋል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ እንደ እንጀራ ምጣዳችን ያለ በኤሌክትሪክ የሚግል ሽቦ ነው። ሽቦው ለአንድ ኪሎዋት ኤሌክትሪክ አንድ ኪሎዋት ሙቀት ይሰጣል፤ ከዚያ አያልፍም።

እስቲ በቁጥር እንየው። ቤቱ በ20 ዲግሪ እንዲቆይ ተፈልጎ፣ በውስጥና በውጭ መካከል ላለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 200 ዋት ያመልጠዋል እንበል። ውጭው ከዜሮ በታች 5 ሲሆን 5 ኪሎዋት ያስፈልጋል፤ ፓምፑም በዚህ ቅዝቃዜ ልክ 5 ኪሎዋት ቢያቀርብ፣ ይህ የሚዛን ነጥብ ነው። ከዜሮ በታች 10 ሲደርስ ፍላጎቱ ወደ 6 ይወጣል፣ የፓምፑ አቅም ግን ወደ 4.5 ይወርዳል። የጎደለውን 1.5 ኪሎዋት ሽቦው ይሞላል። ፓምፑ ለድርሻው 2 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ቢወስድ፣ ጠቅላላ ፍጆታው 3.5 ኪሎዋት ይሆናል።

ቴርሞስታቱ ላይ «የአደጋ ጊዜ ማሞቂያ» የሚል ምርጫ አለ። ብርዱ ሲጠና ይህንን መጫን ፓምፑን የሚያግዝ ይመስላል፤ ስሙም ያሳስታል። የሚሠራው ግን ፓምፑን ፈጽሞ ማጥፋት ነው! ያን ጊዜ 6ቱም ኪሎዋት ከሽቦው ይመጣል፤ ቤቱ ቅንጣት ሳይሞቅ ፍጆታው ከ3.5 ወደ 6 ያሻቅባል። ምርጫው የተዘጋጀው ፓምፑ ለተበላሸበት ቀን ነው።

ሌላው ማስተካከያ ሽቦው ከስንት ዲግሪ በላይ እንዳይበራ የሚወስነው ነው። ይህ 10 ዲግሪ ላይ ቢቀመጥ፣ ፓምፑ ብቻውን በሚችልበት ቀንም ሽቦው ሊበራ ይችላል። በተለይ ሌሊት 15 ዲግሪ የነበረ ቤት ጠዋት በአንድ ጊዜ 20 ሲባል፣ ቴርሞስታቱ ልዩነቱን አይቶ ሽቦውን ይጠራል፤ በሌሊት የተቆጠበው በማለዳ ይጠፋል። ወሰኑን ከሚዛን ነጥቡ ጥቂት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይበጃል። ሽቦውን ጨርሶ መንቀል ግን አይገባም፤ ፓምፑ በውጭ አካሉ ላይ የተጋገረውን አመዳይ ለማቅለጥ ለጥቂት ደቂቃ ሙቀቱን ወደ ውጭ ሲመልስ፣ ቤቱን የሚደግፈው እርሱ ነው።

የቤቱን የሚዛን ነጥብ ለማወቅ ውስብስብ ስሌት አያስፈልግም። ሽቦው እንዳይበራ ወሰኑን ለአንድ ሌሊት ዝቅ አድርጎ፣ የቤቱ ሙቀት መውረድ ሲጀምር ውጭው ስንት ዲግሪ እንደሆነ ማንበብ ይበቃል።