በትምህርት ዕድሜ ያሉ ልጆችን ስለሚያገኛቸው ድንገተኛ ጉዳት

ስለ ቤት ንጽሕና በሚሰጥ ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚነሣው ስለ ውሃ፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ዝንብና ስለ ምግብ አያያዝ ነው። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከተቅማጥና ከኩፍኝ ተርፎ፣ ክትባቱን ጨርሶ፣ ደብተሩን ይዞ ትምህርት ቤት መመላለስ የጀመረውን ልጅ ሌላ ጠላት ይጠብቀዋል። የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት መግለጫ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 830,000 የሚጠጉ ልጆች በድንገተኛ ጉዳት እንደሚሞቱ ገልጠዋል። የሞቱት እንዲህ ሲቆጠሩ፣ እጃቸው የተቆረጠ፣ ዐይናቸው የጠፋ፣ ፊታቸው በእሳት የተበላሸ ልጆች ቍጥር ከዚህ እጅግ የበለጠ መሆኑን ማሰብ አያዳግትም።

ሰው ሁሉ «አደጋ ድንገት ነው» ይላል። «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚልም አለ። በእምነት ነገር ከማንም ጋር አንከራከርም። ይሁን እንጂ ወባ ትንኝ እንዳላት ሁሉ አደጋም ቦታና ሰዓት፣ የሚያመጣውም ነገር አለው። ክዳን የሌለው ቱቦ ዛሬ አንዱን ልጅ ቢጥል፣ ካልተከደነ በሚመጣው ክረምት ሌላውን ይጥላል። በዚሁ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ረጲ በተባለው ስፍራ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሲሞቱ፣ ከእነርሱ መካከል ልጆችም ነበሩ። ክምሩ ግን በአንድ ሌሊት የበቀለ አልነበረም፤ ከ50 ዓመት በላይ ሲጣልበት የኖረ ነው፤ ቤቶቹም ከእግሩ ሥር ነበሩ።

ከሁሉ አስቀድመን መንገድን እንጥቀስ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳስታወቀው፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ሰዎች በመግደል የመንገድ አደጋ ከማንኛውም በሽታ ይቀድማል። በእኛ ክፍለ ከተማ የቀለበት መንገዱ በጦር ኃይሎችና በ18 ማዞሪያ በኩል ያልፋል፤ ወደ ጅማ የሚወስደውም መንገድ አየር ጤናን አቋርጦ ይሄዳል። ልጅ ከ9 ወይም ከ10 ዓመት በፊት የሚመጣውን መኪና ርቀትና ፍጥነት አስተካክሎ መገመት አይችልም፤ ይህ የአእምሮው ዕድገት ጉዳይ እንጂ የቅብጠት ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ «ተጠንቅቀህ ተሻገር» ብሎ መላክ ብቻ አይበቃም፤ ትልቅ ሰው ወይም ከፍ ያለ ወንድም እጁን ይዞ ሊያሻግረው ይገባል። ደግሞም በመሻገሪያው ድልድይ መውጣት ሰልችቶት የመሐል አጥሩን የሚዘል አባት፣ ልጁን ስለ መንገድ ቢመክር ማን ይሰማዋል?

ወደ ቤት እንግባ። መንገድ ላይ ይበልጥ የሚጎዱት ወንዶች ሲሆኑ፣ ማድ ቤት ግን ሴቶቹን ይጠብቃል፤ ምክንያቱም የ10 እና የ12 ዓመት ልጅ ወጥ እንድትጠብቅና እንድትጋግር የምትታዘዘው እርሷ ናት። የከሰል ምድጃ መሬት ላይ፣ በመተላለፊያው መካከል ይቀመጣል፤ ታናናሾቿ በዙሪያው ይሯሯጣሉ። ምድጃው ወደ ግድግዳ ተጠግቶ ከፍ ባለና በማይነቃነቅ ነገር ላይ ቢሆን ግማሹ አደጋ በዚያው ይቀራል። የላምባ ምድጃ እየነደደ ላምባ መጨመር ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ከዚያ ይሞላል። ናይሎን ልብስና የተንዘረፈፈ ነጠላ ለእሳት ቅርብ አይሁኑ። ልብስ ከተያያዘ አትሩጪ ማለት ነው፤ መሬት ላይ ተኝቶ መንከባለል፣ ወይም በጋቢ ተጠቅልሎ ማፈን ነው።

ለተቃጠለ ሰው ጎረቤት ሁሉ መድኃኒት አለው፦ አንዱ ሊጥ፣ አንዱ የጥርስ ሳሙና፣ ሌላው ቅቤ ይዞ ይመጣል። ሁሉም ሙቀቱን እዚያው ያፍኑታል፤ ቁስሉንም ያቆሽሹታል። የሚጠቅመው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ እርሱም ለ20 ደቂቃ ያህል ሳይቋረጥ የሚፈስ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር አንድ ጀሪካን ሁልጊዜ ሞልቶ ማስቀመጥ ለዚህም ይበጃል። አምባርና ቀለበት ሳያብጥ ይውለቅ፤ ከቆዳ ጋር የተጣበቀ ልብስ አይጎተት፤ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ወደ ሐኪም ይኬዳል።

እዚህ ላይ የሚጥል በሽታ ስላለባቸው ልጆች ሳንናገር አናልፍም። ልጁ ምድጃ አጠገብ ሲወድቅ «አትንኩት፣ ይጋባል» ተብሎ እሳት ላይ የሚተውበት ጊዜ አለ። ይህ የሚያሳዝን ስሕተት ነው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው በመንካትም ሆነ በለሃጭ አይተላለፍም። ወዲያው ከእሳቱ ማራቅ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም ነገር አለመክተት ነው እንጂ፣ ክብሪት ማሽተት ምንም አይረዳም። መድኃኒቱን በየቀኑ የሚወስድ ልጅ እንደ ጓደኞቹ ይማራል። መድኃኒቱ እስኪያስተካክለው ግን እሳት አጠገብ ለብቻው አይሥራ።

በረኪናና ላምባ በሃይላንድ ውስጥ አይቀመጡ። ከጨዋታ የመጣ፣ ውሃ የጠማው ልጅ ሃይላንድ ሲያይ ውሃ ነው ብሎ ያንደቀድቀዋል። ከጠጣም እንዲያስመልሰው ማድረግ የለብንም፤ ላምባው ወደ ሳንባ ይገባል፣ በረኪናውም ጉሮሮውን ሁለተኛ ይልጠዋል። አፉን አጉመጥምጦ ከነዕቃው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበን ነገር ደረስን፤ እርሱም ስብራት ነው። ልጅ ከአጥር ወይም ከዛፍ ይወድቃል፣ ኳስ ሲጫወት ይጣላል፤ እጁን ዘርግቶ ስለሚወድቅ ክንዱ ወይም ከክርኑ በላይ ያለው አጥንት ይሰበራል። ወላጅ ወደ ወጌሻ ይወስደዋል። ወጌሻውን አንነቅፍም፤ ጎረቤት ነው፣ ሰልፍ የለበትም፣ ዋጋውም ቀላል ነው፣ ሌሊትም ቢጠሩት ይመጣል። ለወለምታ የረዳቸው ብዙዎች ይመሰክሩለታል። ጉዳቱ የሚመጣው የተሰበረውን ካሸ በኋላ በቀርከሃና በጨርቅ አጥብቆ ሲያስረው ነው። የተሰበረ እጅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ማበጡን ይቀጥላል፤ እስሩ ግን አይሰፋም። ስለዚህ እብጠቱ ወደ ውስጥ ይጫናል፣ የደም ሥሩ ይዘጋል፣ ሥጋውም ደም ካጣ ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ መሞት ይጀምራል።

ልጁ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያድራል። «ወንድ ልጅ አያለቅስም፣ አጥንቱ ሲገጥም ነው የሚያምህ» ይሉታል። በማግሥቱ ዝም ይላል፤ እናቱም «እፎይ፣ ተሻለው» ትላለች። ነገር ግን ዝም ያለው ተሽሎት ሳይሆን ነርቩ ስለ ሞተ ሊሆን ይችላል። ከቀናት በኋላ ጣቶቹ ጠቁረው፣ ሽታ አምጥተው ሐኪም ቤት ሲደርስ፣ የቀረው ሥራ መቁረጥ ብቻ ይሆናል። በቀላል ስብራት የጀመረ ነገር በዚህ ሲያልቅ ከማየት የበለጠ የሚያስቆጭ በሥራችን ላይ የለም።

ስለዚህ እጁ ወይም እግሩ የታሰረ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ያሰረው ወጌሻም ይሁን ሐኪም፣ ጣቶቹን በየሰዓቱ ተመልከቱ፤ ሌሊትም ቀስቅሳችሁ እዩ። ከጤነኛው እጅ ጋር አስተያዩ። ቀዝቅዘዋልን? ገርጥተዋል ወይስ ጠቁረዋል? ጥፍሩን ተጭናችሁ ስትለቁት ሁለት እስክትቆጥሩ ድረስ ቀይነቱ ካልተመለሰ፣ ወይም ጣቶቹን ቀስ ብላችሁ ስትዘረጉለት ከጮኸ፣ ወይም «አይሰማኝም» ካለ፣ እስሩን በዚያው ሰዓት በመቀስ ፍቱት። ወጌሻውን ቅር ይለዋል ብላችሁ አትጠብቁ። ጀሶ ከሆነ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤቱ መመለስ ነው። የተፈታውን እጅ በልብ ልክ አድርጋችሁ ያዙት።

ከመነሻው ግን የሚሻለው ሳያሹና ሳይጎትቱ፣ እንደ ተገኘው፣ በሁለት ቁራጭ ካርቶን ደግፎ በነጠላ አንገቱ ላይ ማንጠልጠልና ወደ ራጅ መውሰድ ነው። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ስለሚችል በመንገድ ምግብ አይሰጠው። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ከወጣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ መሮጥ ነው፤ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌም ያስፈልገዋል።

የቀሩትን በአጭሩ እንናገር። በቡሄ ሰሞን ጅራፍ ሲጮህ ደስ ይላል፤ ሆኖም የሚያጮኸው ልጅ ሜዳ ላይ፣ ከሌሎች ርቆ ይቁም፤ ዐይን የተመታ ልጅ ዐይኑ አይታሽ፣ አይታጠብ፣ የተሰካም ነገር ካለ አይነቀል፣ በሲኒ ተከድኖ ይሂድ። ክረምት በድንጋይ ካባ ጉድጓድ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ ጥልቀቱ ከላይ አይታወቅም፤ ዋናተኛ ነኝ የሚለውን ጎረምሳ ሳይቀር ያስቀራል። ውሻ የነከሰው ልጅ ቁስሉ በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠብና በዚያው ቀን ክትባት ይጀምር። ጠበሉ አይከለከልም፤ የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ከታየ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት ስለሌለ ክትባቱ ለነገ አይባልም።

ለከባድ ጉዳት በዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ በሥጋ ደዌ ሕክምና የታወቀ ቢሆንም ዛሬ የአደጋ ሕክምናም ይሰጥበታል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የእሳት አደጋ በ939 ይጠራል። እነዚህን ቍጥሮች በማድ ቤቱ በር በውስጥ በኩል፣ ልጅ ሊያነበው በሚችለው ቁመት፣ በጉልህ ጻፉአቸው፤ ከሥራቸውም የእናትን ስልክ፣ የወረዳውንና የቤቱን ቍጥር ጨምሩበት። ስልክ የሚደውለው ብዙ ጊዜ ቤት የዋለው ልጅ ነው።