ቤታችን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ናት

እምነታችን እሑድ ጠዋት ከነጠላችን ጋር ለብሰነው፥ ከቅዳሴ ስንመለስ አጣጥፈን የምናስቀምጠው ልብስ አይደለም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ሰነድ ቤተሰብን የቤት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ብሎታል፤ ለልጆችም የመጀመሪያዎቹ የእምነት ሰባኪዎች ወላጆቻቸው እንደሆኑ አስተምሯል።

ታዲያ ይህች ቤተ ክርስቲያን በምን ትታወቃለች?

አንደኛ፥ በጋራ ጸሎት። ከእራት በኋላ አምስቱን ምሥጢራት በመቁጠሪያ ለመድገም ሃያ ደቂቃ ያህል ይበቃናል። አባታችን ከሥራ ደክሞ ከመጣ እኛ ወጣቶች እንጀምር።

ሁለተኛ፥ በጾም። ጾም ምግብ መለወጥ ብቻ አይደለም፤ ከወጪያችን የተረፈው ለተቸገረ ጎረቤት ሲደርስ ፍሬ ያፈራል።

ሦስተኛ፥ በይቅርታ። ተኳርፈን ሳለን አቡነ ዘበሰማያት ብንደግም ምን ይጠቅመናል? በዚያው ጸሎት ምሕረትን የምንለምነው ይቅር ባዮች ሆነን ነውና።

ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1855 ስለ እምነታቸው በእስር እንዳሉ አረፉ። ከእኛ ዛሬ የሚጠየቀው ሰንሰለት መሸከም ሳይሆን፥ ላኮረፍነው ወንድማችን ቀድመን ሰላም ማለት ነው። ይህን እንኳ ካልቻልን ለታናናሾቻችን ምን እናወርሳቸዋለን?

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ከሦስቱ አንዱን በየቤታችን እንጀምር። እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።